ስም የሚወጣበት ጉድጓድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14 ቀን 2010

ከሃያ ኳስ ሁለት ገባ።

ይኸው ጻፍሁ። ወይዘሮ ብዙነሽ "የመቱትን ካልጻፉ ልፋቱ ብቻ ነው የሚተርፍዎት" ስላለችኝ ነው ደብተር የገዛሁት። እሷ እዚህ ኒው ሆፕ፣ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ የሚርቀው ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ጎልፍ ሜዳ ላይ ኳስና ዱላ የምታከራይ ሴት ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት። የሀብታሞች ክለብ ውስጥ ሃያ ዓመት ስታጸዳ በመስኮት እያየች ነው ጨዋታውን የተማረችው። አሁን ፈረንጆቹን ራሳቸውን ታርማለች።

እጄ ቶሎ ይደክማል። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ሠላሳን ካለፍሁ በኋላ ነው። ያረጀሁት መሪ ጨብጬ እንጂ ብዕር ጨብጬ አይደለም።

የጎልፉ ነገር እንዴት እንደመጣ ልጻፍ። ልጄ ፈነት ነፍሰ ጡር ናት። ሴት ናት ብለዋታል፤ ለጳጉሜ ትደርሳለች። ስም የማወጣው እኔ ነኝ። የባሏ የናፍያድ አባት፣ ቀጀላ፣ "ስም የአባት ወገን ነው" ብሎ ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ድረስ መጥቶ ተከራከረኝ። የፋሲካ ምሳ ላይ ድምፃችን ከፍ አለ። ፈነት ጉርሻዋን ሳትውጥ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች። የደም ግፊት አለባት፤ አትናደድ ብሏል ሐኪሙ። ያን ጊዜ ናፍያድ፣ "በቃ፣ ነሐሴ መጨረሻ በሠራተኞች በዓል፣ በሌበር ዴይ፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ጎልፍ ተጫወቱ፤ ያሸነፈ ስም ያውጣ። እስከዚያ በዚህ ቤት ስለ ስም የሚያነሣ እንዳይኖር" አለ። ሊያስቀን ብሎ ነው። አልሳቅንም። እጅ ተጨባበጥን።

ቀጀላ ከልጁ ጋር ሁለት ዓመት ተጫውቷል። እኔ ጎልፍ በቴሌቪዥን ሲመጣ ጣቢያ የምቀይር ሰው ነኝ።

ስሙ በሆዴ አለ። ለማንም አልነገርሁም።

እሑድ፣ ግንቦት 19

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቀጀላ ለሰዎች ሲያወራ ሰማሁት። ከአንድ ቫን ኋላ መሆኔን አላየም። "ስም ማውጣት እኮ እውቀት ይጠይቃል" ይላል። "ኦቦ ዋቁማ ደግ ሰው ነው። ግን ከሹፌርነት በቀር ምን አይቷል?"

እሱ ርዕሰ መምህር ነበር። ይሁን። እኔ ከነቀምት አሶሳ ሃያ ሁለት ዓመት ጭነት ስነዳ አንድ ቀን አልገለበጥሁም። እሱ የገለበጠው ገጽ ብቻ ነው።

ምነው ፊት ለፊት ወጥቼ ይህን ባልሁት። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የመጣልኝ።

ከሃያ ሦስት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 2

ዛሬ ብዙነሽ ሁለት የእንጨት ችንካር ሳሩ ላይ ተከለች። መሀላቸው ከዱላዬ ጫፍ ትንሽ ሰፋ ይላል። "ዱላዎ ሳይነካቸው ይለፍ። ኳሷን ይርሷት። ጉድጓዱንም ይርሱት። በሩን ብቻ" አለች።

"ኳሷን ከረሳሁ ምን ልመታ ነው የመጣሁት?"

"እርስዎ ይከራከራሉ ወይስ ይለማመዳሉ?"

"ሁለቱንም እችላለሁ።"

አሥር ጊዜ ሞከርሁ፣ ዘጠኝ ጊዜ ችንካሩን መታሁ። ከዚያ የዲዴሳ ድልድይ ትዝ አለኝ። ሙሉ ጭነት ይዘህ ድልድይ ስትገባ ጎማህን አታይም። ጎማውን ያየ ይገባል ወንዙ ውስጥ። ማዶውን ነው የምታየው። ይህን ለራሴ ነገርሁና ቀስ ብዬ ነዳኋት። አለፈች። እንደገና አለፈች።

ከሃያ አሥራ ስድስት በበሩ አለፈ፣ ሰባቱ ጉድጓድ ገቡ። ብዙነሽ፣ "ማን ነው ያስተማረዎት?" አለች። "ኤን ስሪ" አልኋት፣ የድሮ የጭነት መኪናዬን። አልገባትም። ሳቀች ግን። ጥርሷ ሙሉ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5

ዝናብ። ወገብ። ከሃያ አራት። አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 14

ፈነትን ሐኪሙ ከሥራ አስቀርቷታል፣ እግሯን ሰቅላ ትዋል ብሏል። ሶፋው ላይ ትተኛለች፤ እኔ ከወጥ ቤቱ በር እስከ እግሯ ድረስ ምንጣፉ ላይ መሰላል ዘረጋሁ። የመሰላል ጨዋታ እንዲህ ነው፦ በየአንድ ርምጃው የቤት ጫማ ታስቀምጣለህ፤ መጀመሪያ ቅርቡ ጫማ አጠገብ ታቆማለህ ኳሷን፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ እንደዚያ እያልህ እስከ አምስተኛው። አንዱን ካለፍህ ወይ ካጠረብህ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።

ያልሰለቸኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ብሬክ ነው እኮ። ጉልበት አይደለም፤ የት እንደምታቆም ማወቅ ነው።

"አባ፣ ልተወው ካልህ ተው፣ ደክሞሃል" አለች ፈነት።

"አምስተኛው ጫማ ሳልደርስ?"

"ኦኬ። አትተው እንዲያውም፣ ድምፁ ያስተኛኛል። ቤቢዋም ስትሰማው ዝም ትላለች።"

አሥራ አንደኛው ሙከራ ላይ አምስተኛው ጫማ ደረስሁ። አጨበጨበች። ከዚያ፣ "ለእኔ ብቻ ንገረኝ፣ ማን ልትላት ነው?" አለች። ጫማዎቹን አስተካከልሁ። "እማዬ ብትኖር ማን ትላት ነበር?" አለች።

ኳሷ ሶፋ ሥር ገብታ ነበር። ፍለጋው ጊዜ ወሰደብኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 2

ሸሚዝ ተኮስሁ። ሜዳ ላይ ሰው ያያል።

ከሃያ ዘጠኝ። ብዙነሽ ያዩትን ሁሉ ይጻፉ ብላለች። አዲስ መነጽር አድርጋለች። ጻፍሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10

ቀጀላ መጣ። ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ እዚህ ድረስ በትራፊክ አርባ ደቂቃ ነው። "ሳልፍ ነው" አለ። ሰው በኒው ሆፕ በኩል ወዴት ያልፋል? ልሰልል ነው አይለኝም። ከዘራ ይዟል፣ ቀኝ ጉልበቱን ሐኪሞች ከፍተው አጥበውለታል አለኝ። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሰባ አራት ነው።

ብዙነሽ ሁለታችንንም የክፉ ኳስ ጨዋታ አስጀመረችን። በየተራህ ሁለት ኳስ ትመታለህ፤ ከሁለቱ ክፉዋን ትመርጣለህ፤ ከእሷ ቦታ ደግሞ ሁለት ትመታለህ። ደጉን ኳስ ትተወዋለህ። ከባድ ነው። አንዷን ቆንጆ አድርጌ ካሳረፍሁ በኋላ ሁለተኛዋ አሸዋ ውስጥ ስትገባ ቀጀላ፣ "እንዲህ ያለውን ሕይወት ነው የሚሉት" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው ነገር።

ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ዱላውን ከኳሷ ኋላ ሲያሳርፍ ኳሷ ተንከባለለች። አየኋት።

"አንድ ተቆጠረብህ" አልሁ።

"ነፋስ ነው።"

"ነፋሱ ያንተን ብቻ ነው የሚያውቀው? የእኔ አጠገቧ ቆማለች።"

"ኦቦ ዋቁማ፣ ልምምድ እኮ ነው።"

"ልምምድ ላይ የሰረቀ በጨዋታው ይዘርፋል።"

ፊቱ ቀላ። ብዙነሽ መሀላችን ገባች። "ሌበር ዴይ የምትጫወቱት በቀልድ ነው በሕግ?" አለች። ሁለታችንም በአንድ ድምፅ "በሕግ" አልን። ከቢሮዋ የሕግ ወረቀት አመጣች፤ ቀጀላ እንግሊዝኛውን እያነበበ በአማርኛ ነገረኝ። በደንብ ነገረኝ፣ ሳይቸኩል። እንደ አስተማሪ።

የሰረቀ ማለቴ ግን በዛ። ሽማግሌ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 19

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ይመጣል። ብቻውን መለማመድ አይቻልም አለ። እኔ ችዬ ነበር።

የቅርጫት ጨዋታ። የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ሳሩ ላይ አስቀምጠን ከሃያ ርምጃ አስነሥተን እንከታለን። ቀድሞ አምስት የከተተ ያሸንፋል፤ የተሸነፈ የሁለቱንም ዱላ እስከ መኪና ይሸከማል። አራት ለአራት ደርሰን ሳለ ቀጀላ የመታት ኳስ ቅርጫቱን ስታ የዝይ መንጋ መሀል ወደቀች። አንዷ ዝይ ክንፏን ዘርግታ መጣችበት። ቀጀላ ያን ሁሉ ከዘራና የታጠበ ጉልበት ረስቶ ሮጠ። "በአፋን ኦሮሞ አናግራት" አልሁት፣ "የእንግሊዝኛህ አነጋገር ነው ያስቆጣት።" ብዙነሽ ቢሮዋ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች በሳቅ። እኔም ሳሩ ላይ ተቀመጥሁ። እሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሁለታችንም ለመነሣት ረዳት ፈለግን።

ዱላውን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። ስለተሸነፍሁ አይደለም፤ መንገዴ ላይ ስለነበረ ነው።

ከሃያ አሥራ አንድ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 24

ዛሬ ጨዋታ ከጨረስን በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቀጀላ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሊያወጣ ያሰበው ስም ዳራርቱ ነው። የእናቱ ስም ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞቶ፣ እሷ ቅቤ በጭንቅላቷ ተሸክማ ገበያ እየሄደች ነው ያስተማረችው። የመምህራን ኮሌጅ ሳለ ሞተች፤ ዝናብ ነበር፣ ወንዙ ሞልቶ ቀብሯ ላይ አልደረሰም።

"ሰው የሚደውልበት ስልክ እንኳ አልነበረም" አለ። "በሳምንቱ ነው የሰማሁ።"

ይህን ባልነገረኝ።

"አንተስ ማን ልትላት ነው?" አለኝ። "በሌበር ዴይ ትሰማለህ" አልሁት። ጨካኝ መሰልሁ። ግን እኔም እኮ...

ከሃያ አሥራ ሁለት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 4

ፈነት ሆስፒታል። ግፊት ከፍ አለ። ናፍያድ ይዟት ሄደ። ሄጃለሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 6

ተመለሰች። ደህና ናት፣ ሁለቱም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሴንት ፖል ከተማ ባለው ሆስፒታል፣ መቆያ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን፣ እኔና ቀጀላ። ማንም ምንም አይነግርህም። የፋሲካው ቀን ድምፅ በጆሮዬ ይመጣል። እኔ ነኝ የጮህሁት፣ እሱ ብቻ አይደለም። እሷ ጉርሻዋን ይዛ የተነሣችው በእኔም ነው።

ቀጀላ ከኪሱ ካራሜላ አወጣ። መሬት ላይ አስቀመጣት። በከዘራው ጫፍ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ አንከባለላት። በእግሬ አቆምኋት። ከዘራውን ሰጠኝ። መልሼ አንከባለልሁለት። እንዲህ ስንል ነርሷ መጣች። የምናደርገውን ትንሽ ስታይ ቆይታ፣ "ደህና ናት፣ መግባት ትችላላችሁ" አለች፤ ቀጀላ ተረጎመልኝ። ቀጀላ ካራሜላዋን ከወለሉ አንሥቶ ጠርጎ በላት።

ለሁለት ቀን ኳስ አልነካሁም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 17

ከሃያ አሥራ አምስት። ከሁሉ የበለጠ ነው።

ብዙነሽ እንደ ሰዓት ቁጥሮች በጉድጓዱ ዙሪያ አሥራ ሁለት ኳስ ደርድራ፣ "አንዱን ከሳቱ ከመጀመሪያው" አለች። አሥራ አንድ ድረስ ገባ። አሥራ ሁለተኛዋን ልመታ ስል፣ "ኦቦ ዋቁማ፣ ከዚህ ጨዋታ በኋላስ? ካሸነፉ መምጣት ይተዋሉ?" አለችኝ።

ሳትኋት። ለምን በምት መሀል እንደምታወራ አልገባኝም። አስተማሪ ናት፣ ታውቃለች።

ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 28፣ ሌበር ዴይ

በዝርዝር ልጽፈው ነው።

ሰማዩ ጠርቷል። ናፍያድ ፈነትን በተጣጣፊ ወንበር ደጃፉ ላይ አስቀምጧት ሁሉንም በሩቅ ታያለች። ብዙነሽ ቆጣሪ ናት፤ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛለች። ጉድጓድ በጉድጓድ ነው የምንጫወተው፦ በጥቂት ምት የጨረሰ ያንን ጉድጓድ ይወስዳል፣ ብዙ ጉድጓድ የወሰደ ያሸንፋል።

አንደኛውን እሱ ወሰደ። ሁለተኛው እኩል። ሦስተኛው ላይ ከአሸዋው በአንድ ምት አወጣኋት፤ ወሰድሁ። አራተኛው እኩል። አምስተኛውን እሱ። ስድስተኛው እኩል። ሰባተኛውን እኔ፣ ከስድስት ርምጃ ላይ አንከባልዬ፤ ፈነት ከወንበሯ ጮኸች፣ ናፍያድ "ተቀመጪ፣ ተቀመጪ" ይላታል። ስምንተኛው እኩል። ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ሁለት ለሁለት ነን።

ቀጀላ፣ "ላብህን ጥረግ፣ ሹፌር" አለኝ።

"አንተ ጠመኔህን ጥረግ" አልሁት።

ሁለታችንም በሁለት ምት የተላጨው ሳር ላይ ደረስን። የእኔ ከጉድጓዱ አራት ርምጃ፣ የእሱ አንድ ክንድ። የእሱ ኳስ ግን በእኔ መንገድ ላይ ቆማለች። ሕጉ፣ ባለቤቱ በቦታዋ ሳንቲም አስቀምጦ ያንሣት ነው የሚለው። ቀጀላ ሳንቲሙን ቀድሞ አስቀመጠ። ከዚያ ኳሷን ለማንሣት እንደገና ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ያዘው። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በመሀል ቀረ። ላቡ አፍንጫው ላይ።

እጄ ቀደመኝ። ጎንበስ ብዬ ኳሷን አነሣሁ፣ በሱሪዬ ጠረግኋት፣ ለታላቅ እንደሚሰጠው በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ተቀበለኝ። "ገለቶሚ" ብሎ አመሰገነኝ። ቀጥሎ ሁለታችንም ወደ ብዙነሽ ወረቀት አየን፤ የሕጉን ወረቀት ራሱ ነው ያነበበልኝ። የባላጋራን ኳስ ያነሣ አንድ ይቆጠርበታል።

ብዙነሽ ዓይኗን ወደ ዝይዎቹ መለሰች። ቀጀላ፣ "እኔ ነኝ ያነሣኋት። ማንም አላየም" አለ።

"ርዕሰ መምህር ሲዋሽ አያምርበትም" አልሁት። "ወይዘሮ ብዙነሽ፣ አንድ ጻፊ።"

"ኦቦ ዋቁማ..."

"ጻፊ አልሁ።"

ጻፈች። ከአራት ርምጃ መታሁ። ማዶውን አይቼ፣ ቀስ ብዬ ነዳኋት። ገባች። በወረቀቱ አራት ሆነ። ካልተቆጠረብኝ ሦስት ነበር።

አሁን ቀጀላ አንድ ክንድ ነው የቀረው። ከገባለት በሦስት ይጨርሳል፣ ጉድጓዱም ስሙም የእሱ ነው። ዱላውን ይዞ ቆመ። ትከሻው ወደ ግራ ዞረ። ሊስታት እንደሆነ ገባኝ። ያን ያህል አብረን ውለናል።

ጠጋ ብዬ፣ "አውቀህ ከሳትሃት እስክሞት አላናግርህም" አልሁት።

አየኝ። ትከሻውን መለሰ። መታ። ገባች።

ዳራርቱ።

ትንሽ ነፋስ ነበር፣ ዓይኔ ውስጥ የገባ። ቀጀላ እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ፤ አሁንስ ምን እናድርግ እንደሚል ሰው እዚያው ቆምን። ብዙነሽ መጥታ፣ "ነገስ?" አለችኝ።

"ነገ ማክሰኞ አይደል እንዴ" አልኋት።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 3

ተወለደች። ጠዋት፣ በሰላም። ፀጉሯ ብዙ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ገባን። ቀጀላ ከረቫት አስሮ መጥቷል። ሕፃኗን አቀፈና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ስሟን ነገራት። በቀስታ ነው የነገራት፣ ለእሷ ብቻ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱና ናፍያድ ምግብ ሊያመጡ ወጡ።

ፈነት አልጋዋ ላይ ሆና፣ "አሁን አለቀ አይደል? አሁንስ ንገረኝ" አለች።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር እናቷን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ወግ ነው፤ አባቴም እናቴን አይጠራም ነበር። ፈነት እስክትወለድ "ስሚ" ነው፣ ከዚያ በኋላ "የፈነት እናት"። ቆንጆ ስም ነበራት፣ ሌላው ሁሉ ይጠራው ነበር፣ እኔ ብቻ ቀረሁ። ሕፃኗ በዚያ ስም ብትባል፣ ቀን ሙሉ መጥራት እችል ነበር። "ነይ" ብዬ። "ብዪ" ብዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

"የሺሀረግ" አልሁ። ድምፄ ደህና ነበር።

ፈነት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ፣ ግፊቱ። ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

"ወይ አባ፣ እንኳን ተሸነፍህልኝ።"

"እንዴት?"

"እኔ እንዴት አድርጌ 'የሺሀረግ ዝም በይ፣ የሺሀረግ አፍንጫሽን ጥረጊ' እላታለሁ? የእማዬን ስም ጠርቼ ልቆጣ? አልችልም እኮ። ስፈራ ነው የከረምሁት እሱን እንዳታወጣ። እኔም ለማንም አልተናገርሁም።"

አሰብሁት። እውነቷን ነው። እናቷን ማን ተቆጥቷት ያውቃል? እኔንም እሷው ናት የምትቆጣኝ የነበረች። ሳቄ መጣ። ሁለታችን ስንስቅ ሕፃኗ ነቃች፣ ፊቷን ጨማደደች፣ አስነጠሳት።

"ይማርሽ፣ ዳራርቱ" አልኋት።

አፌ ላይ አልከበደኝም።